መንጠቆው ጠረጴዛው ላይ ነው

እሺ፣ ቀረጻው ገብቷል። ዛሬ ስለ አጋሮ መንገድ እናወራለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። አልችልም። ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ከጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ጅማ ያላችሁ፣ እናንተም ቤት ይኸው ነው።

የመኪና መጎተቻው መንጠቆ አሁን ከማይኩ አጠገብ ነው። ቆይ፣ ላንሳውና ላስቀምጠው... ሰማችሁት? ክብደት አለው። በእጅ ሲይዙት ያስተማምናል። አፉ ግን ተከፍቷል። ስገዛው ሁለት ጣት ነበር የሚያስገባው። አሁን አራቱም ጣቶቼ ይገባሉ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ጋራዥ ልተወው እልና ማታ ይዤው እገባለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ቦራ ዛሬም ታሞ ነው?» ብላችሁ ስለ መኪና ማንሻዬ የጻፋችሁልኝ፣ አልታመመም። አንድ ሳምንት ያቆምኩት እኔ ነኝ። የዚያን ሳምንት ነገር ነው ዛሬ የማወራው።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ መኪና ያለው ሁሉ ያውቃል። የመኪና ማንሻ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የአይሱዙ ፍሬን ሸራ የትም ይገኛል። የዊንች፣ የመጎተቻ ገመዱን የሚጠቀልለው ማሽን፣ ዕቃ ግን ባለሱቁ ራሱ ስሙን አያውቀውም። ስለዚህ አባቴ ያስተማረኝን አደርጋለሁ። «የዕቃውን ስም አትጠይቅ፤ ቁጥሩን ጠይቅ» ይል ነበር።

ዓምና የዊንቹ ከበሮ መንቋረር ጀመረ። ኩሽኔታው ሞቷል፣ ዊንቹ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ተባልኩ። ዋጋውን ሰምቼ ወጣሁ። ማታ ራሴ ፈታሁት። በነጭ ጋዝ አጠብኩት። ጥቁሩ ግሪስ ሲለቅ ጠርዙ ላይ ቁጥር ብቅ አለ፤ 6205። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ አይደለም። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን በ5 ታባዛለህ። 05 ሲባዛ በ5፣ 25። የመሐሉ ቀዳዳ 25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የውጭው 52፣ ውፍረቱ 15። ጃፓን ይሥራው፣ ቻይና ይሥራው፣ 6205 ከሆነ ልኩ ያው ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አለ። የኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ አለ። ስለዚህ «የዊንች ኩሽኔታ አለህ?» ማለቱን ተውኩና የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚጠግን ልጅ ጋ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ከነካርቶኑ።

የዚያን ቀን ደስታዬን ብታዩ። ቤት ስገባ እያፏጨሁ ነበር። ፓራኦሊዮውም፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ላስቲክ፣ እንደዚያው ነው፤ 35፣ 52፣ 7 ተብሎ ላስቲኩ ላይ ተጽፏል። ዘንጉ፣ ቤቱ፣ ውፍረቱ። የዊንቹ ሞተር ካርቦን ሲያልቅ ደግሞ ትንሽ የሚተልቅ የሞተሪኖ ካርቦን ገዝቼ በሞረድ ሞርጄ አስገባሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። ብሎን ስገዛም መጀመሪያ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ቁጥር አያለሁ። 8.8 የሚል አለ። 10.9 የሚል አለ፤ እሱ ይበረታል። ምንም የማይል አለ። ምንም የማይለውን ለአጥር ካልሆነ ለመጎተቻ አልገዛም።

አያችሁ? አውቃለሁ እኮ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ...

እሺ። የድሮው መንጠቆ፣ የአባቴ፣ ጎኑ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አወጣ። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሽማግሌውን ታውቋቸዋላችሁ፣ ብዙ ጊዜ አንስቻቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ይቺን በብየዳ ሙሉልኝ» አልኳቸው። ወደ መብራቱ አስጠግተው አገላበጡት። መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ይሄ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው ልጄ። እኔ እሳት ካሳየሁት ይለሰልሳል። ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ግን የድሮው አይሆንም። አልበይድልህም።» ገንዘብ አልፈለጉም። ሻይ ብቻ ጋበዙኝ።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። ሐሙስ ነበር፤ የሐሙስ ገበያን ግፊያ ታውቁታላችሁ። ብረታ ብረት ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ጋ ደረስኩ። ሰንሰለት፣ ክሪክ፣ ያረጀ ባሌስትራ። መንጠቆው መሐል ላይ ነበር። አዲስ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ። አነሳሁት። አዞርኩት። ጥሩ መንጠቆ ላይ ስንት ቶን እንደሚችል ተቀርጾ ይገኛል፣ የሠሪው ምልክትም አለ። የአባቴ ላይ ነበር። ይሄኛው ልሙጥ ነው። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ምንም የለውም። «ስንት ይችላል?» አልኩት ሰውየውን። «ምን የማይችለው አለ!» አለኝ። ዋጋው ከአዲስ አበባ ከነገሩኝ ሲሶ አይሞላም።

ገዛሁት። ዳስሼ፣ ልሙጥ መሆኑን አይቼ ገዛሁት።

(ዝምታ)

የዴዶ መንገድ ላይ ነው የሆነው። ነሐሴ ነው፣ ዳገቱ ጭቃ ነው። በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቦይ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋድሟል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ቦራን አስተካክዬ አቆምኩ፣ ታኮ አደረግኩ። ጭነቱ ከበደኝ፣ ስለዚህ ፑሊ፣ ገመዱ ዞሮ የሚመለስበትን መዘውር፣ አስገባሁ። ፑሊ ስታስገባ ዊንቹ በእጥፍ ይጎትትልሃል። ደስ ይላል፣ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል፣ ሞተሩ ይረጋጋል። ግን ያ እጥፍ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የሚያርፈው ፑሊው የተሰካበት መንጠቆ ላይ ነው። በገመዱ ላይ ያለው ኃይል ሁለት ጊዜ። እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ የሰካሁት አዲሱን ነው። አዲስ ስለሆነ።

አባቴ ገመድ ሲወጠር እርጥብ ጆንያ ላዩ ላይ ይጥል ነበር። ቢበጠስ ገመዱ ጅራፍ እንዳይሆን ጆንያው ይይዘዋል። ጆንያው ነበረኝ። ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ ደረቅ እንደሆነ። ዝናብ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር።

ትንሹ፣ ረዳቴ፣ ከገመዱ አጠገብ ቆሟል። እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምመለሰው። በቀኝ በኩል፣ ከአይሱዙው አራት እርምጃ ገደማ። እጁን ቦቲው ውስጥ ከቶ ጠጠር እያወጣ ነው። አያለሁ። በመስታወት አይደለም፣ በዓይኔ። «ራቅ በል» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሁሌም እላለሁ። አሁን ልለው ነው። ገመዱ ተወጠረ፣ ከላዩ ውሃው ረገፈ። ስልት ያለው ድምፅ ማውጣት ጀመረ፣ የክራር አውታር ሲጠብቅ እንደሚለው። አሁን ልለው ነው። የአይሱዙው ኋላ ጎማ ነቅነቅ አለ። በዚህ መሐል አንድ ሰው ከላይ ጮኸ። «አንተ ልጅ፣ ታኮ አምጣ እንጂ!»

ትንሹ ዞሮ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ቦቲው በእጁ ነው።

ከዚያ ድምፁ። እንደ ጥይት አይደለም፣ ሰዎች እንደዚያ ይላሉ። በር በንፋስ ሲዘጋ እንደሚያሰማው ነው። ፑሊው ልጁ ቆሞበት በነበረው ቦታ አልፎ የቦራ ግንባር ላይ አረፈ። ፍርግርጉ ተሰበረ። መንጠቆውን ጭቃ ውስጥ ነው ያገኘነው፣ አፉን ከፍቶ።

ሁሉም ሰው ሳቀ። ድንጋጤ ነው፣ አውቃለሁ። ትንሹም ሳቀ። «ጋሼ፣ ተርፈናል እኮ!» አለኝ። ተርፈናል። እሱ ነው የተረፈው።

ታኮ አምጣ ያለው ግን እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ነው። ፊቱን አላየሁትም። ባውቀው ምን እለው ነበር? አመሰግናለሁ? የተናደደ ነበር እኮ፣ ልጁ ሥራ የፈታ መስሎት ነው። ያ ሰው ዝም ቢል... እሺ ይቅር። ማታ ማታ እዚህ ጋ ስደርስ እነሳና ውሃ እጠጣለሁ።

ስለ ዕቃው ልጨርስ። አሁን ያለኝ መንጠቆ ያገለገለ ነው። ሶማሌ ተራ ያለ ዘመዴ ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ቁጥሩ ይነበባል፣ ምልክቱም አለ። አፉን በካሊፐር ለካሁት፣ ጻፍኩት፤ በየሳምንቱ እለካዋለሁ። ከሰፋ ይጣላል፣ አይበየድም፣ በመዶሻ አይመለስም። የአዲስ ኦሪጅናል ዋጋ ግማሽ ከፈልኩ። ስለዚህ ርካሽ መፈለግ ስህተት ነው ማለት አልችልም። እኔ በርካሽ ዕቃ ነው ቦራን ያቆየሁት። ኩሽኔታው ርካሽ ነው፣ ካርቦኑ ርካሽ ነው። ምናልባት ልዩነቱ ኩሽኔታው ቢሞት ይንቋረራል፣ ያስጠነቅቃል። መንጠቆው ዝም ይላል... እንጃ። ይሄ ሐሳብ ሲመጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳወራው ለራሴ ሰበብ የምፈልግ ይመስለኛል። አንዱ ጥያቄ ግን አይለቀኝም፤ በዚያ ሐሙስ ኪሴ ውስጥ የኦሪጅናሉ ዋጋ ቢኖር ገዝቼው ነበር? ነበር እላለሁ። ነበር ብዬ ነው የማምነው።

በአደጋው ማግስት የትንሹ እናት መጡ። ጋራዥ ድረስ። ፔርሙዝ ይዘው፣ ሲኒ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው። ለካ ልጁ የመጀመሪያ ሙሉ ደመወዙን ሰጥቷቸዋል። «ልጄን ሰው አደረግክልኝ፣ አላህ ይጨምርልህ» አሉኝ። ቡናውን ቀዱልኝ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሲኒው ላይ ሲቀዱ ፔርሙዙን በሁለት እጅ ነው የያዙት። ትንሹ ከኋላቸው ቆሟል። አየኝ። አልነገራቸውም። እኔም አየሁት።

ጠጣሁት። ሁለተኛም ቀዱልኝ፣ ጠጣሁ። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ትናንት ደግሞ ደወሉ። ታናሽየው ትምህርት እስኪከፈት ቤት ተቀምጧል፣ አንተ ጋ ቢውል አሉኝ። ሥራ ይልመድ፣ ካንተ ጋር ሲሆን ሐሳብ የለኝም አሉ። ሐሳብ የለኝም።

አስቤ ልደውልልዎት አልኩ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ትንሹን ልጠይቀው ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ጠዋት መንጠቆውን ሲያወጣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ቁጥር አለው አይደል?» አለኝ፣ በየቀኑ ነው የሚለኝ፣ አለው አልኩት፣ ከዚያ ሌላውን ጥያቄ...

ዝናቡ በርትቷል። ምን እንደሚሰማ አላውቅም። ልዝጋው።