ጥር ላይ ሠርግ፣ ጳጉሜን ላይ ውጤት፦ ክበቦቻችን መቼ ነው የሚሠሩት?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትምህርት ቤት ክበባት ነው። የሥርዓተ ጾታ ክበብ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ፣ ቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ... አዎ፣ እነዛው። ብዙዎቻችሁ በአንዱ አልፋችኋል። ባታልፉም ስማችሁ መዝገቡ ላይ ሳይኖር አይቀርም።

እኔ መምህር ነኝ። ከማስተምረው ትምህርት ሌላ የክበብ ተጠሪም ነኝ። ተጠሪ ማለት ትምህርት ሊከፈት ሲል ዕቅድ የሚጠየቅ ሰው ነው። የክበብ ዕቅድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ደግሞ እናውቃለን። ያምናው ይወጣል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ አለቀ።

ዕቅዱ ላይ ወር በወር ቀኖች ተደርድረዋል። መስከረም 30 የአእምሮ ጤና ቀን። በማግስቱ ጥቅምት 1 የልጃገረዶች ቀን። ኅዳር 16 የነጭ ሪባን ቀን፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 1 ድረስ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚቃወመው የ16 ቀኑ ዘመቻ። መሀል ላይ ኅዳር 22 የኤድስ ቀን አለ። የካቲት 29 ማርች ኤይት። ግንቦት 23 የትምባሆ፣ ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት፣ ሰኔ 19 የአደንዛዥ ዕፅ።

ቀኖቹን አልንቅም። ዝም ብለው የተቆረጡም አይደሉም። ሰኔ 9ን ውሰዱ። በፈረንጆቹ 1976 ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። መታሰቢያ ቀን እንዲሆን የወሰነው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው። ኅዳር 16ም በፈረንጆቹ 1960 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የተገደሉት የሚራባል እኅትማማቾች መታሰቢያ ነው። አምባገነን መንግሥት ተቃውመው ነው የተገደሉት። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ጆሯቸው ይቆማል።

እኛ የምናደርገው ግን ምንድነው? ጠዋት ሰልፍ ላይ ሪባን እንሰካለን። ሚኒ ሚዲያው ግጥም ያነባል፤ ማይኩ ይንጫጫል፤ ከኋላ ያለው ተማሪ አንድም ቃል አይሰማም። ጥያቄና መልስ ይደረግና ላሸነፈ ደብተር ይሸለማል። ተጠሪው ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ሪፖርት ላይ ይለጠፋል። ደወል።

እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ የሚቸገሩት መቼ ነው? ክበቡ የሚንቀሳቀሰውስ መቼ ነው? ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አይገጥሙም።

ጥርን ውሰዱ። አዲስ አበባ ከመግባቴ በፊት ጎጃም ገጠር አስተምር ነበር። እዚያ ጥር የሠርግ ወር ነው። እህሉ ገብቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። የልጃገረዶች ቀን ግን ጥቅምት 1 ነው። ጥቅምት ላይ "ያለዕድሜ ጋብቻ ይቁም!" ብለን እንጮሃለን። ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነገሩ በየቤቱ ሲበስል እኛ ስለ ዘመቻው ሪፖርት እየጻፍን ነው።

እዚያ ትምህርት ቤት ከብስኩት ካርቶን የሠራናት የጥያቄ ሣጥን ነበረችን። አብዛኛው ወረቀት ቀልድ ነበር። "ቲቸር ለምን አላገባሽም?" የሚለው በየሳምንቱ አይቀርም። አንድ ቀን ግን አራት ቦታ የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት ወጣች። "እኅቴ 15 ዓመቷ ነው። ለጥር ማርያም ሊድሯት ነው። ስሜን አትጥሩ" ትላለች። ስም የለባትም። ግን የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ፤ ደብተሯን የማርመው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሥራ የሚባለው እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ወረቀቷን ማን ያያል? ለማን ይነገራል? በምን ቅደም ተከተል? ለርእሰ መምህሩና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ብቻ ነገርን። የቤተሰብ ሕጉ ግልጽ ነው፣ መነሻው 18 ዓመት ነው። ባለሙያዋ በአንድ ቤት ላይ አልሄደችም፤ "ዘንድሮ ሁሉንም ነው የምናየው" ብላ የቀበሌውን ሠርጎች በሙሉ የልጆቹን ዕድሜ አጣራች። ብልኅ ሴት ናት። ሠርጉ ቀረ። አባትየው ግን ጠቋሚው ማን እንደሆነ ሲያጠያይቅ ከረመ። አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቱን ጠርጥሮ እስከ ፋሲካ አኮረፋት። እውነተኛዋ ጠቋሚ አብራው እራት ትበላ ነበር።

ስለዚህ ለክበብ ተጠሪዎች የምለው አለኝ። ሣጥኑን ሰው የሚበዛበት በር ላይ አትስቀሉት፤ ልጅ ሲያስገባ የሚታይበት ቦታ መሆን የለበትም። ወረቀቶቹን ተማሪ አይክፈታቸው። ሚኒ ሚዲያ ላይ አይነበቡ፤ ስም ባይኖርም አይነበቡ። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ከሆነ በራሳችሁ ቃል ገልብጣችሁ መልሱት። ሣጥኑም በዓመት አንዴ ለዘመቻ የሚወጣ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚከፈት ይሁን። ልጅ የምታምነው ነገር ቋሚ ሲሆን ነው።

በነገራችን ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ በመፈክር ብቻ እንደማይቆም የገባቸው ሰዎች ቀድመው ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ አማራ ክልል ውስጥ ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ልጃገረዶቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሟላላቸዋል፣ ከወላጆችም ጋር ውይይት አለ። ልጅቷ ሳትዳር ከቆየችና ከዘለቀች ደግሞ መጨረሻ ላይ ለቤተሰቡ በግ ይሰጣል። በግ ብላችሁ አትሳቁ! ለገበሬ ቤት በግ ቁም ነገር ነው። ልጁን የሚድረው አባት ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ሒሳብ ያሰላል፣ ነገን ይፈራል። ትምህርት ቤት በግ መስጠት አይችልም። ግን ኅዳር ላይ ወላጅ ጠርቶ ስለ ልጁ ውጤት ማውራት ይችላል። "ልጅዎ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት" የሚል ቃል ብዙ አባት ሰምቶ አያውቅም።

ወደ ከተማ ልምጣ። እዚህ ጥር ላይ ሠርግ አያሰጋንም። እዚህ ስልክ ነው።

ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ መግባት አይችልም፤ በር ላይ ይፈተሻል። ከበሩ ውጭ ግን ሁሉም አለው። ቴሌግራም ላይ የተዋወቀችው "ልጅ" ፎቶ ይጠይቃታል፤ ከላከች በኋላ "ገንዘብ ላኪ፣ አለዚያ እለቀዋለሁ" ይላታል። ወንዶቹም ላይ ይደርሳል፤ እነሱማ ጭራሽ አያወሩትም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በዚህ መንገድ ማስፈራራትን ወንጀል ነው ይላል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ ጥፋተኛዋ ራሷ ብቻ ትመስላታለቻ። ክበባችን የካቲት ላይ የሚያደርገው ልምምድ አጭር ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዷ "እንዲህ ሆኛለሁ" ትላለች፤ ሌላዋ ትመልሳለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ለምን ላክሽ?" ከሆነ ልምምዱ እንደገና ይጀመራል። ሌላው ቀላል ነው፦ አትክፈይ፣ መልእክቱን አታጥፊው፣ ስክሪንሾት አንሺ፣ ለአንድ የምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ፣ ፖሊስ ካስፈለገ 991 ነው።

ስለ ትምባሆ ብዙ አልልም። አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልጆቹ ያውቁታል። ባለሱቁም ያውቀዋል።

ግንቦት 20 የወር አበባ ንጽህና ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው የወር አበባ ዑደት በአማካይ 28 ቀን ስለሆነና ለ5 ቀን ያህል ስለሚቆይ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 28ኛው ቀን፣ 5ኛው ወር። በእኛ ግንቦት ዘጠነኛ ወር ስለሆነ ቀልዱ አይገባም፤ ይሁን። ዋናው ነገር የወር አበባ ግንቦትን አይጠብቅም። ብዙ ትምህርት ቤት ሞዴስ በካርቶን የሚመጣው ግንቦት ላይ ነው። ባለ ካሜራዎች ይመጣሉ፣ ሴት ተማሪዎች ተሰልፈው ይቀበላሉ። ወንዶቹ በመስኮት ያያሉ። አሳፋሪ ነው፣ በእውነት።

እኛ ጋ አሁን ቁም ሣጥን አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ነው፤ ማንም ወደዚያ ቢሄድ መጽሐፍ ፈልጎ ነው የሚመስለው። ውስጡ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ሁለት ትርፍ የዩኒፎርም ጉርድ፣ አንድ ጥቁር ሹራብ አለ። ሹራቡ ወገብ ላይ ለማሰር ነው፤ ሐሳቡ የአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቁልፉ ቢሮ ነበር መጀመሪያ፤ ማንም አልመጣም። ወንድ ጸሐፊ ፊት ቆሞ "ቁልፍ ስጠኝ" የሚል ማን አለ? አሁን ቁልፉ በየክፍሉ አንዳንድ ልጅ ጋ ነው። የጎደለውን ወር በወር የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሁለት ሁለት ፍሬ ከቤት ያመጣሉ። ወንዶችም ያመጣሉ፤ አንዳንዱ ከእኅቱ ሰርቆ ነው መሰለኝ፣ አልጠየቅኩም።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጥተው የማያውቁት ዶርም ውስጥ ያድራሉ። ይህን ይችሉታል፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ይወዱታል። የሚከብደው ውጤቱ ነው። ከ2014 ተፈታኞች ውስጥ የፈተናውን ነጥብ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ማለት ከሀያ ልጅ አሥራ ዘጠኙ ገደማ "ወደቅኩ" ብሎ ነው የሚያድረው። የ2016ቱ ውጤት የተነገረው ጳጉሜን ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ሊገባ፣ ቤቱ ዶሮ ሊሠራ ሲል ማለት ነው።

ድሮ ውጤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አብረን አይተን አብረን እናለቅሳለን። አሁን ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ቴሌግራም ቦት ላይ ቁጥሩን ይጽፋል። ኔትወርኩ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል። ከዚያ ብቻውን ያየዋል። ጎረቤት ይጠይቃል፣ አክስት ከአሜሪካ ትደውላለች። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ክበቡም ዝግ ነው።

ጳጉሜን 5 ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን ነው። በየትኛውም የክበብ ዕቅድ ላይ አይቼው አላውቅም። አይገርምም፤ ቅጹ ከመስከረም ጀምሮ ሰኔ ላይ ያልቃል። ጳጉሜን የሚባል ረድፍ የለውም። እኔ በእስክሪብቶ ጨመርኩበት። ርእሰ መምህራችን "ይሄ በምን ይረጋገጣል? ፎቶ አለው?" አሉኝ። የስልክ ጥሪ እንዴት ፎቶ ይነሳል? እሳቸውንም አልፈርድባቸውም፤ ከበላይ የሚጠይቃቸው አለ።

ሥራው ይህ ነው። ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሳይሄዱ፣ የክበቡ ልጆች የ12ኛዎቹን ስልክ ይመዘግባሉ፤ ፈቃደኛ የሆነውን ብቻ። እያንዳንዱ ሦስት አራት ልጅ ይይዛል። ውጤት በወጣ ቀን ይደውላል። "ስንት አመጣህ?" አይባልም። "ምሳ በላህ? ከማን ጋር ነህ?" ነው የሚባለው። ድምፁ ካላማረ፣ ወይም ስልኩ ካልተነሳ፣ ለእኔ ይነገረኛል። ከዚያ በላይ ተማሪ ላይ አንጭንም፤ የ16 ዓመት ልጅ አማካሪ አይደለም። እኛ ትልልቆቹ ግን በቀጥታ መጠየቅ አለብን፦ "መሞት አሰብክ እንዴ?" መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣበታል ብላችሁ አትፍሩ፤ ብዙውን ጊዜ ይቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም። ቤተሰብ ይነገራል፣ ሆስፒታል ይኬዳል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል አለ፤ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። "ሰው ምን ይለኛል" የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛ ጥሪ ደግሞ አለ፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ። እሱ ስለ መረጃ ነው። ሪሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርቱ፣ ማን ይገባል፣ ቴክኒክና ሙያ መቼ ይመዘግባል፣ በግል መፈተን እንዴት ነው። ያኔ ልጁ መስማት ይችላል። ውጤቱን ባየበት ማታ ይህን ሁሉ ብትዘረግፉለት አንዱንም አይሰማ።

ያልፈታሁት የካርዱን ነገር ነው። ልጆቹ በራሳቸው ካርድ ነው የሚደውሉት፤ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም። ወላጅ ኮሚቴውን ጠይቄ "እናያለን" ተብያለሁ። በእናንተ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን የምታውቁ ተጠሪዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ቸር ያሰማን።