«የቀያሽ ጥንቃቄ ጉድለት» የምትለዋ መስመር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አንጋፋ ቀያሾች፣ ዘንድሮ የተመረቃችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አደራችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሳተላይት ልኬት አጠር አድርገው ይንገሩን» ብለውኛል። እነግራችኋለሁ። ግን ልቤ ሌላ ጉዳይ ላይ ነው፤ የሳተላይት ሲግናል በሬዲዮ ሲረበሽ ጥፋቱ ቀያሹ ላይ መለጠፉ ላይ። አስቀድማችሁ እወቁት።

ቴክኖሎጂው መቼም ድንቅ ነው። ቴዎዶላይት፣ ያንን የድሮ ማዕዘን መለኪያ፣ ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሳተላይቱ ያለው 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሰዓቱ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ቢዛነፍ ርቀቱ በ30 ሴንቲሜትር ይዛነፋል። ታዲያ ዛሬ በሴንቲሜትር ትክክል የምንለካው እንዴት ነው? ሳተላይቱ በሞገዱ ላይ ጭኖ የሚልከውን ኮድ ብቻ ከመቁጠር አልፈው ሞገዱን ራሱን መለካት ስለጀመሩ ነው። የጂፒኤስ ዋናው ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲሜትር ነው፤ መቀበያው የእሱን ሽራፊ ይለካል። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቻርልስ ካውንስልማን ከሩቅ የሰማይ አካላት የሚመጣ ሬዲዮ የሚለካበትን ዘዴ ወደ ጂፒኤስ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1982 በዚሁ ዘዴ የሚለካው ማክሮሜትር የሚባል መሣሪያ ወጣ። ዛሬ ሮቨር፣ ማለትም ተንቀሳቃሹን መቀበያ፣ ይዛችሁ ልኬቱ በሴንቲሜትር ሲጸና «ፊክስ ያዘ!» የምትሉት ከዚያ ጀምሮ የመጣ ነው።

እሺ፣ ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሮቨሩ ሰላም ነው። ከሰዓት ሲሆን ከፊክስ ወደ ፍሎት፣ ማለትም ወዳልጸናው ልኬት፣ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ጭራሽ ይጠፋል። ቤዙን፣ ቋሚውን መቀበያ፣ አየነው፣ ደህና ነው። ባትሪ ቀየርን፤ ገመድ ቀየርን። በመጨረሻ ረዳቴ የሲግናሉን ገጽ ከፍቶ «ጋሼ፣ እስኪ ይዩት» አለኝ። የሲግናሉ ጥንካሬ 45 የነበረው ወደ 30 ወርዷል። የሁሉም! የምሥራቁም የምዕራቡም፣ አናታችን ላይ ያለውም አድማስ ላይ ያለውም፣ በአንድ ጊዜ። ሳተላይቶች እንዲህ ተማክረው አያምፁም። አጠገባችን የሆነ ነገር እየጮኸ ነበር።

ሰዓቱን መዘገብን፤ አመለከትን። ያገኘነው መልስ በወርሃዊው ሪፖርት ላይ አንዲት መስመር ናት፦ «መዘግየቱ የተከሰተው በቀያሽ ጥንቃቄ ጉድለት ነው።»

ይህች መስመር ተጽፋበት የማታውቅ ቀያሽ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እስኪ እጁን ያውጣ! አያችሁ? አንድም የለም።

አሁን የኒዋርክን ነገር ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ኒዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አውሮፕላን በጂፒኤስ ታግዞ እንዲያርፍ የሚረዳ የምድር ጣቢያ ተተከለ። ጣቢያው ግን በየጊዜው ይረበሻል። ማረፊያውን ታኮ ትልቅ አውራ ጎዳና ያልፋል። ሰዎቹ «የጣቢያው ሠራተኛ ሰነፍ ነው» ብለው ፋይሉን አልዘጉም። ወራት ፈጅተው ፈለጉ። ጉዱ የሚመጣው ከመንገዱ ነበር። መኪና ውስጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ፣ በርካሽ የምትሸጥ ጃመር፣ የሲግናል ማፈኛ! ሾፌሮቹ የሚሰኳት አለቃ የት እንዳሉ እንዳያይ ነው። (እዚህ ጋ የሳቃችሁት፣ መሥሪያ ቤታችሁ መኪና ላይ ጂፒኤስ አስገጥሟል ማለት ነው።) እ.ኤ.አ. በ2012 ነሐሴ ወር ላይ አንዱን ባለ ፒካፕ የሬዲዮ ተቆጣጣሪዎቹ የሲግናሉን አቅጣጫ እየለኩ መኪናው ድረስ ሄደው ያዙት። በዓመቱ 31,875 ዶላር ቅጣት ቀረበበት። ሰውየው ስለ አውሮፕላን አላሰበም፤ የሸሸው አለቃውን ነው።

እንዲህ የሚቀለው ለምንድን ነው? ከሳተላይቱ የሚደርሰን ኃይል ከመቀበያው ከራሱ የሙቀት ጫጫታ በታች ስለሆነ ነው። መርካቶ መሃል አንድ ሰው ሲያንሾካሹክ እንደመስማት በሉት።

ጃመር ቢያንስ ያስታውቃል፤ ሥራው ይቆማል። የባሰው የውሸት ሲግናል ነው፣ ስፑፊንግ የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቶድ ሃምፍሪስና ተማሪዎቹ፣ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ ሜዲትራኒያን ላይ 65 ሜትር የሚረዝም ጀልባ በውሸት ሲግናል ከመስመሩ አወጡ። ማንቂያ አልጮኸም። መርከበኞቹ ስክሪን ላይ የሚያዩት ቀጥ ያለ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶቻችን ስልካቸው «ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ናችሁ» ይላቸው ነበር። እኛም አውሮፕላኖቻችን ወደዚያ አካባቢ ይበራሉ፤ የሌላ ሰው ጣጣ አይደለም።

የእኛ አገር ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። የምድር መግነጢስ ወገብ በላያችን ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከገባች በኋላ አዮኖስፌር፣ ማለትም ላይኛው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር፣ ይታወካል፤ ሲግናል ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ «ችግር የለም፣ ሰማዩ ነው» ማለት ለሁሉም ቀላል ማምለጫ ሆኗል። መለየት ግን ይቻላል! ሰማዩ ሲሆን አንዱ ሳተላይት ይወድቃል፣ ሌላው ደህና ይሆናል። ከምድር ሲሆን ሁሉም አብረው ይወርዳሉ። መቀበያው ውስጥም ማጉያውን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ክፍል አለ። ጃመር ሲመጣ ማጉያው ይወርዳል፤ ለአዮኖስፌር ግን ንቅንቅ አይልም። ይህ ቁጥር ብዙ መቀበያ ውስጥ አለ። ግን ማን ያየዋል? የጨረታ ሰነዳችንን አንብቡት። «ትክክለኛነት 1 ሴንቲሜትር» ይላል፤ የቦርሳው ጨርቅ ሳይቀር ተጽፏል። ስለ ሬዲዮ ረብሻ አንዲት ቃል የለችም! ከዚያ ደሞዝ የሚቆረጠው የቀያሹ ነው!

የቀረውን ቶሎ ልበል፣ ሰዓት አልቋል እየተባልኩ ነው። ጋሊሊዮ የሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ መልእክቱ የውሸት እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ ያስቀምጣል፤ ስትገዙ የሚያነበውን ግዙ። የተለያየ ቦታ የቆሙ መቀበያዎች የረብሻውን መድረሻ ሰዓት አነጻጽረው ምንጩን ያገኛሉ፤ ቋሚ ጣቢያ ያላችሁ ተነጋገሩበት።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ጥሬ ዳታውን አታጥፉ። ያቺን መስመር ጽፈው «ፈርሙ» ሲሏችሁ የሲግናሉን ግራፍ ከነሰዓቱ አያይዙና «መጀመሪያ ይህን አብራሩልን» በሉ። እስኪያብራሩ ድረስ አትፈርሙ።

አመሰግናለሁ።