«ሙሉ» ስንት ፊደል ነው?

(ደብረ ብርሃን ላይ ለሶፍትዌር ተማሪዎችና ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ? የደብረ ብርሃንን ጠዋት ለእናንተ አልነግርም። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ አውቃችሁበታል። እኔ ጃኬት ይበቃኛል ብዬ መጥቼ ይኸው፤ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ብትሰሙ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ።

የማወራችሁ ስለ ፎርም ነው። ሰው ሞልቶ «ላክ» ስለሚለው ተራ ፎርም። ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያወራ ሰው ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ ላለ አንድ የበግ አርቢዎች ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሠራሁ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በራሴ ስም፣ በራሴ ስልክ ሞከርኩት። ሠራ። ከዚያ በገበያ ቀን ሄጄ ከመዝጋቢዋ ልጅ ጎን ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አንዲት እናት መጡ። ለዛሬ እትዬ ሙሉ እንበላቸው። ልጅቷ ስማቸውን ጻፈች፣ የቀረውን ሞላች፣ ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ስም ቢያንስ ሦስት ፊደል መሆን አለበት»። እትዬ ሙሉ ስክሪኑን እንኳ ሳያዩ «አትመዘገቢም አለ?» አሉ።

ያንን ሦስት ከየት አመጣሁት? ከአንድ የእንግሊዝኛ የኮድ ምሳሌ ላይ ገልብጬው ነው። በላቲን ሲጻፍ «ሙሉ» አራት ፊደል ነው። በእኛ ሁለት፤ ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ነው የሚጻፈው። ሳባም፣ ጫላም፣ ሊያም እንደዚያው። ፎርሜ ሙሉን ጎዶሎ ብሏት ቁጭ።

ቀጥሎ አንድ አባት መጡ። ልጅቷ እንደለመደችው ገብረን «ገ/» ብላ አሳጠረችው። ፎርሙ «ፊደል ብቻ ያስገቡ» አለ። እዝባሯን ነው ያልወደዳት። እዚህ አገር ግማሹ ሰው በእዝባር ነው ስሙን የሚጽፈው፤ እኔ ግን ከልክያለሁ።

የባሰው ሌላ ነው። ስህተት በተገኘ ቁጥር የተሞላው ሁሉ ይጠፋል። ቀበሌው፣ ስልኩ፣ የበጎቹ ቁጥር፣ ሁሉም እንደገና። ልጅቷ ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ላራቬል በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፍሬምወርክ ላይ ይህን ማስተካከል የአንድ ቃል ሥራ ነው። ፍተሻው ሲወድቅ ፍሬምወርኩ የገባውን ይዞ ይመልስላችኋል፤ «ኦልድ» በሚለው ፈንክሽን ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ሌላው ፍሬምወርክ ጃንጎ ደግሞ ያንኑ የወደቀውን ፎርም መልሳችሁ ካሳያችሁ ከነጽሑፉና ከነስህተቱ ይመጣል። እኔ ግን በየጊዜው አዲስ ባዶ ፎርም ፈጥሬ ነበር የማሳየው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረምሳ መጣ። የተወለደው ጳጉሜን ውስጥ ነው። ወሩን ከ1 እስከ 12 ብዬ ገድቤዋለሁ። እኔ! ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ልብሴን ጥዬ እየጨፈርኩ ያደግኩ ሰው! ወሩ 13 ነው። ቀኑ 5 ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፣ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 አለች። 2015 ላይ ሞክሩት።

ብሮውዘሩ የሚሰጣችሁን የቀን መምረጫም ዝም ብላችሁ አትመኑ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው አንደኛውን ወር፣ አንደኛውን ቀን፣ 1990ን ይመርጣል። ፎርሙ ደስ ብሎት ያሳልፈዋል። ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነበር። ሰውዬው በአንድ ክሊክ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አረጀ። ፍተሻ ቅርጹን ነው የሚያየው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳጥኑ አጠገብ ካልጻፋችሁ ማንም አያድናችሁም።

ስልክም አለ። አንዱ በ09 ይጀምራል፣ አንዱ በ+251፣ አንዱ በየሦስቱ ቁጥር ክፍተት ይተዋል። ሁሉም ልክ ናቸው። ክፍተቱንና ሰረዙን አራግፉ፣ ወደ አንድ ቅርጽ አምጡ፣ ከዚያ ፈትሹ። ላራቬል ለዚህ ሥራ «ፕሪፔር ፎር ቫሊዴሽን» የሚባል ቦታ ሰጥቷችኋል። ደግሞ በ09 ብቻ ብሎ መቆለፍ ይቅር። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ 07ን ይዞ ሲመጣ አዲስ ሲም ያወጣ ሰው ስንት ፎርም ላይ «የተሳሳተ ቁጥር» ተብሏል።

ይህን ሁሉ ብሮውዘሩ ውስጥ በሚሠራው ኮድ፣ በጃቫስክሪፕት ብሠራውስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሥሩት፣ ለሞላው ሰው ይመቸዋል። ፎርሙን በሚቀበለው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ግን ድገሙት። ጃቫስክሪፕትን ማጥፋት ይቻላል፤ ፎርሙን ጨርሶ ሳይከፍቱ ጥያቄ መላክም ይቻላል። ብሮውዘሩ ላይ ብቻ መፈተሽ አጥር ለሌለው ግቢ በር ማቆም ነው።

ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ሰው ሁለቴ ይጫናል፣ ሦስቴ ይጫናል። ማን አይጫንም? «ይህ ስልክ ተመዝግቧል ወይ?» ብላችሁ ብትፈትሹም፣ ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል ከደረሱ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ። ስለዚህ ዳታቤዙ ራሱ ድግግሞሽ አልቀበልም እንዲል አድርጉት። ምዝገባው ሲሳካም ወደ ሌላ ገጽ ሪዳይሬክት አድርጉ፤ አለዚያ ሪፍሬሽ ያደረገ ሰው እንደገና ይልከዋል። እኔ ጋ አንድ ሰው ሦስቴ ተመዝግቦ በጎቹም ሦስት እጥፍ ሆነውለት ነበር። በወረቀት ላይ እንዲህ ሲረባ በግ አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ላራቬል ላይ 419 የሚል ገጽ ያያችሁ እጅ አውጡ። አዎ። ፎርሙን ከሌላ ሳይት አስመስሎ የሚልክ እንዳይኖር የተደበቀች ቁልፍ አለች፤ ሴሽኑ፣ ማለትም ሰርቨሩ ሰውዬውን የሚያስታውስበት ጊዜ፣ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች፤ 419 የሚመጣው ያኔ ነው። ሴሽኑ ካልነካችሁት 120 ደቂቃ ነው። መብራት ሄዶ ከምሳ በኋላ የመጣ ቀን ልጅቷ ያጋጠማት ይኸው ነው። ቁልፏን አታጥፏት። ጊዜውን አርዝሙ፣ ገጹንም በአማርኛ «ቆይተዋል፤ ገጹን እንደገና ይክፈቱ» በሉት።

በቃ፣ ወሬው ይብቃ። የዚያን መመዝገቢያ አዲሱን ፎርም ስክሪኑ ላይ እከፍተዋለሁ። አድራሻውን ከላይ ታያላችሁ። ላፕቶፕ ያላችሁ ክፈቱ፣ የሌላችሁ በስልክ። በእዝባር፣ በክፍተት፣ በፈለጋችሁት ስም ሞክሩትና ስበሩት። ጳጉሜን 6ን እኔው ሞክሬዋለሁ፤ ጳጉሜን 7 ማን ይጀምርልኝ?