ኮቦል፣ ኤርላንግ፣ ረስት፦ ብርቅ ቋንቋ ማወቅ ሥራ ያስገኛል?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፤ ተማሪዎች ላፕቶፕ አዝለው ወደ ግቢ ሲገቡ]

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የሚማር ወጣት ምረቃው ሲቃረብ አንድ ሐሳብ ይይዘዋል። ጃቫና ፓይተን የተባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ሁሉም ያውቃል፤ ታዲያ ብዙ ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ባጠና ቀጣሪ አይሻማብኝም? ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለው። እኛ የምናወራው ስለ ቀሪው ግማሽ ነው።

ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ቅዳሴ የተማረ በየደብሩ ይፈለጋል። ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን ብርቅ የዜማ ትምህርት የሚማር ግን ዙር አባ ገዳም ድረስ ይሄዳል፤ አስመስክሮ ሲመለስ ክብሩ ትልቅ ነው፣ ያንን ትምህርት ፈልጎ የሚጠራው ደብር ግን በጣት ይቆጠራል። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ሰፊውን የዜማ ትምህርት፣ ድጓውን፣ ሳያደላድል ወደዚያ የሚያቀና የለም።

[ምስል፦ ባለ 80 ዓምድ የተበሳ ካርድ፣ በቅርበት]

ከኮቦል እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ መነደፍ የጀመረ ቋንቋ ነው። ፕሮግራሙ የወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ ይበሳ ስለነበር አንዱ መስመር 80 ዓምድ ነበረው፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ለተራ ቁጥር፣ ሰባተኛው ለማስታወሻ ምልክት፣ ትእዛዙ ከስምንተኛው ጀምሮ። ካርዱ ከጠፋ ስንት ዘመን ሆነው፤ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ግን ዛሬም በዚያው ልክ እንደተሰፉ ናቸው።

ለምን አልተጣሉም? ገንዘብ ስለሚቆጥሩ። ፓይተን ውስጥ 0.1 እና 0.2 ደምሩ፤ ቁጥሩን በሁለትዮሽ ስለሚይዘው መልሱ 0.30000000000000004 ይመጣል። ኮቦል በአስርዮሽ ስለሚያሰላ 0.3 ይላችኋል። ለሚሊዮን ደንበኞች ወለድ የሚያሰላ ባንክ በዚህች ጭራ አይቀልድም። ፓይተንም በአስርዮሽ የሚያሰላበት መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን የሚሠራን የሒሳብ ሥርዓት አፍርሶ እንደ አዲስ ለመገንባት የሚደፍር የባንክ ኃላፊ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች የድጎማ ማመልከቻ የአሜሪካዋን የኒው ጀርሲ ግዛት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሲያጥለቀልቅ፣ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ ሰዎች እንዲደርሱላቸው በይፋ ጠየቁ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ኮቦል ተማሩ» የሚለው ምክርም አብሮ ጎረፈ። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር ቢኖር የተጠሩት በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን ነው። እጥረቱ ሲጮህ ደመወዙም አብሮ ይጮሃል ብሎ ያሰበ ተሳስቷል።

የእኛው ሀገር ምሳሌ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚሠራበት ቴሜኖስ የተባለው የባንክ ሶፍትዌር ቤዚክ ከተባለው የቆየ ቋንቋ ዘር የሆነ የራሱ ቋንቋ አለው። ሰዋስዉ ፕሮግራም ለለመደ ሰው አይከብድም። የሚከብደው የወለዱ ስሌት፣ የቀኑ ሒሳብ መዝጊያና ከመዝጊያው በኋላ ሌሊቱን የሚሮጠው ሥራ ነው። ባለሙያውን ውድ የሚያደርገው ይህ እውቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ባንክ ውስጥ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

[ምስል፦ አሮጌ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ]

ወደ ኤርላንግ እንለፍ፤ እኔ በበኩሌ በጣም የምወደው ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ ስዊድን በሚገኘው ኤሪክሰን ውስጥ ለስልክ ማዞሪያ ሲሉ ጀመሩት። ፕሮግራሙ በሺዎች ለሚቆጠሩ ትንንሽ ሥራዎች ይከፋፈላል። አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹን ሳይነካ ይሞታል፤ ተቆጣጣሪው ወዲያው አዲስ ይተካል። የአንድ ሰው ጥሪ ተቋረጠ ተብሎ ከተማው ሁሉ ስልክ አያጣም።

ዋትስአፕ የተገነባው በዚህ ቋንቋ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ በወር 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ መሐንዲሶቹ ግን 32 ብቻ እንደነበሩ ተነግሯል። ይህ ቁጥር ቋንቋውን ለማወደስ ይጠቀሳል። ሥራ ፈላጊ ግን ገልብጦ ያንብበው፤ 32 ሰው የሚበቃው ቋንቋ ስንት ክፍት ቦታ ይኖረዋል?

ረስትን በአጭሩ። የመጀመሪያው የተረጋጋ ዕትም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ በ2022 መጨረሻ ሊነክስ ወደተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እምብርት ገባ። ኮትሊን የተባለው ቋንቋም በጊዜው ብርቅ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድሮይድ ሲቀበለው ብርቅነቱ አበቃ፤ ዛሬ የአንድሮይድ ጀማሪ ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነው። ዘግይቶ ብርቅነቱን ብቻ ተከትሎ የገባ ሰው ገበያው ሞልቶ አገኘው።

ብርቅ ቋንቋ ለሩቅ ሰው የሚከፍተው በር እንዳለ አልክድም። በአቅራቢያው ባለሙያ ያጣ ኩባንያ ዓይኑን ወደ ሌላ ሀገር ያቀናል፤ ዳንግላ ተቀምጦ የሚሠራ ሰውም ሊታየው ይችላል። ችግሩ እንዲህ ያለ ኩባንያ ጀማሪ አይፈልግም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያርመው የለማ! በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውስ ደግሞ ከርቀት ሥራ መግባት ምን እንደሚጠይቅ እናውቃለን።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ሥራ በሰፊው ቋንቋ ፈልጉ እላለሁ። የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው መድረክ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አብዛኛው በጃቫ የተጻፈ ነው። አውርዳችሁ የአንድ ሰው ምዝገባ ከጣት አሻራ እስከ መለያ ቁጥር እንዴት እንደሚያልፍ በኮዱ ተከታተሉ።

[ምስል፦ የሥራ ማስታወቂያ፤ የቋንቋው ስም በጥቁር ተሸፍኖ]

ብርቁን ቋንቋ ስትመርጡ ደግሞ ማስታወቂያውን እንዲህ አንብቡ። የቋንቋውን ስም ሸፍኑት። ከሥሩ «በሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ»፣ «የክፍያ ሥርዓት ልምድ» ወይም «የመሣሪያ ሾፌር (ኮምፒውተሩ መሣሪያውን የሚያዝበት ፕሮግራም) መጻፍ» የሚል ታገኛላችሁ። ያንን የምትችሉ ከሆነ ቋንቋውን ቀጥረው የሚያስለምዱ አሉ። ያንን ካልቻላችሁ የተሸፈነውን ስም ብታውቁትም ቃለ መጠይቁን አታልፉትም።