ከውጤቱ ጎን መጻፍ ያለበት ስፋት

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ሁላችንም በየዕለቱ ስለሚገጥመን፣ ሪፖርታችን ሲታተም ግን ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስለምንገፋው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአካባቢያዊ የሕይወት ዑደት ምዘና ውስጥ ስላለው ኢ-እርግጠኝነት። አንድ ምርት ጥሬ ዕቃው ከመሬት ከሚወጣበት ጊዜ አንሥቶ ተመርቶ፣ ተጓጉዞና አገልግሎት ሰጥቶ እስከሚወገድ ድረስ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ስናሰላ፣ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ሂደቶችን እናያይዛለን። ከእነዚህ መካከል ራሳችን የለካናቸው ጥቂቶቹን ነው። የቀሩትን ከመረጃ ቋት እንወስዳለን፣ ከሌላ ፋብሪካ እንዋሳለን ወይም እንገምታለን። ይህ ነውር የለውም፤ ሥራው በሌላ መንገድ አይሠራም። የሚያሳስበኝ ሁሉም ተለክቶ የተገኘ ይመስል በመጨረሻ አንድ ነጠላ ቁጥር አውጥተን ማስረከባችን ነው።

ነገሩን በቅርበት ለማየት አንድ ሄክታር የእህል ማሳ እንውሰድና 100 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን የያዘ ማዳበሪያ ተጨመረበት እንበል። ከዚህ ናይትሮጅን የተወሰነው በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትረስ ኦክሳይድ ወደተባለው ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ፣ ከማሳው በቀጥታ የሚወጣው ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶው እንደሆነ አድርገን እንድንወስድ ይፈቅዳል። ያ 1 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን በጋዙ ክብደት ሲሰላ 1.57 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ጋዙ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሚያሞቅ ለማሳየት ፓነሉ በ2021 ባሳተመው 273 ሲባዛ ደግሞ 429 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይሰጣል፤ ማለትም ያንን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ሙቀት ያደርሳል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ያው የ2006 መመሪያ ግን ከ1 በመቶው ጎን ከ0.3 እስከ 3 በመቶ የሚል ወሰን አስቀምጧል። በዚህ ወሰን ሂሳቡን ስንደግመው ውጤቱ ከ129 እስከ 1,287 ኪሎ ግራም ይዘረጋል፤ ዝቅተኛው በአሥር ተባዝቶ ከፍተኛውን ያህላል ማለት ነው። የአፈሩ ርጥበት፣ ማዳበሪያው የተጨመረበት ወቅትና ከዚያ በኋላ የጣለው ዝናብ በዚህ ስፋት ውስጥ ማሳው የት ላይ እንደሚያርፍ ይወስናሉ። ከዚያ ማሳ እህል የሚሠራ ማንኛውም ምርት ይህን ስፋት ተሸክሞ ይወጣል፤ ሪፖርቱ ላይ የሚደርሰው ግን 429 ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን የመረጃ ኢ-እርግጠኝነት ለመያዝ መሣሪያ አለን። ከ1996 ጀምሮ የምናውቀው የመረጃ ጥራት ሰንጠረዥ እያንዳንዱን መረጃ በተአማኒነቱ፣ በሙሉነቱ፣ በዘመኑ፣ በቦታውና በቴክኖሎጂው ቅርበት ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንድንሰጠው ያደርጋል፤ ነጥቡም ወደ ስርጭት፣ ማለትም መረጃው ሊይዛቸው የሚችላቸውን ዋጋዎችና የእያንዳንዱን ዕድል ወደሚያሳይ መግለጫ፣ ይለወጣል። ከዚያም በሞንቴ ካርሎ ዘዴ ኮምፒዩተሩ ከየስርጭቱ እየቀዳ ስሌቱን ሺህ ጊዜ ይደጋግማል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ በነጥቦቹ ውስጥ የባለሙያ ግምት እንዳለ እስካልተረሳ ድረስ።

ይሁንና ይህ ዘዴ የማይነካው ሌላ ዓይነት ኢ-እርግጠኝነት አለ፤ እርሱም ከራሳችን ምርጫ የሚመጣው ነው። የሜቴንን ነገር ተመልከቱ። ጋዙ የሚያደርሰው ሙቀት በ100 ዓመት ተደምሮ ሲሰላ የፓነሉ ሪፖርት በ2007 ለ1 ኪሎ ግራም ሜቴን 25፣ በ2013 ደግሞ 28 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ሰጥቶት ነበር። ይህ የዕውቀት መሻሻል ነው። ስሌቱን በ20 ዓመት ካደረግነው ግን ቁጥሩ ከ80 በላይ ይሆናል። ከ28 ወደ 80 የሚያደርሰን የመለኪያ ስሕተት አይደለም፤ ለየትኛው ዘመን እናስባለን ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። ሞንቴ ካርሎን ሚሊዮን ጊዜ ብንደጋግመው ይህን አይመልስልንም።

ምርጫ ቁጥርን ምን ያህል እንደሚቀይር በዝርዝር የሚያሳይልኝ የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2018 ያሳተመው የመገበያያ ከረጢቶች ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት ከተራ ጥጥ የተሠራ ከረጢት ከመነጻጸሪያው የፕላስቲክ ከረጢት ጋር በአየር ንብረት ረገድ እኩል እንዲሆን ቢያንስ 52 ጊዜ፣ በተፈጥሯዊ ዘዴ ከለማ ጥጥ የተሠራው ደግሞ 149 ጊዜ ማገልገል አለበት። በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ቁጥር ግን 20,000 ነበር። እርሱ የመጣው ጥናቱ ከመረመራቸው የጫና ዓይነቶች ሁሉ ከፍተኛው ውጤት፣ ማለትም የኦዞን ንጣፍ መሳሳት፣ ስለተወሰደ ነው። በ149 እና በ20,000 መካከል ያለው ልዩነት የትኛውን ጫና እንደምናይ ከመምረጥ ብቻ የሚመነጭ ነው። 52ቱስ እንዴት 149 ሆነ? የጥናቱ አዘጋጆች የተፈጥሯዊው ጥጥ ምርታማነት በ30 በመቶ ያንሳል ብለው ወስደዋል። ከረጢቱም ከመነጻጸሪያው ጥቂት ያነሰ ዕቃ ስለሚይዝ ያንኑ አገልግሎት ለመስጠት ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል ብለው ቆጥረዋል። 52ን በ2 አባዝታችሁ ለ0.7 ብታካፍሉት 149 ይወጣል። አዘጋጆቹ እነዚህን ግምቶች በግልጽ ጽፈዋል፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። ቁጥሩ ከሪፖርቱ ወጥቶ ሲጓዝ ግን ግምቶቹ አብረውት አልተጓዙም። አንባቢው የሁለት ከረጢቶችን ጉዳይ ቢያውቅ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ንጽጽር ልለፍ፤ ኢ-እርግጠኝነትን ለማሳየት ስንል ራሳችን የምንሳሳትበት ቦታ ይህ ነውና። የአንድ ማሸጊያ ጫና 2.4፣ የሌላው 2.6 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ነው፤ ሁለቱም ሩብ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይሰፋሉ እንበል። ሁለቱን ስፋቶች ጎን ለጎን ሥለን ስለተደራረቡ “ልዩነት የለም” ብንል ቸኩለናል። ሁለቱም የሚመረቱት በአንድ የኤሌክትሪክ መረብ ኃይል ከሆነ፣ የመረቡ ጫና ከገመትነው በላይ ሲሆን ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፤ ሲያንስም አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ለሁለቱም አንዱኑ የኤሌክትሪክ ዋጋ ሰጥተን ልዩነታቸውን እዚያው ማስላት አለብን። በዚህ መንገድ ሲሰላ የመጀመሪያው በአብዛኞቹ ድግግሞሾች ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የተለያየ መረብ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በእርግጥም መለየት ላንችል እንችላለን። ለውሳኔ ሰጪው የሚጠቅመው “ከሺህ ድግግሞሽ በስንቱ አንደኛው ተሻለ” የሚለው መልስ ነው።

የሕይወት ዑደት ምዘና የሚመራበት የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ 14044 መስፈርት፣ ለሕዝብ ይፋ የሚሆን ንጽጽር የኢ-እርግጠኝነትና ግምቶች ሲለወጡ ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ ትንተና እንዲኖረው ያዛል። ተጓዳኝ ምርቶች፣ ማለትም ከአንድ ሂደት አብረው የሚወጡ ምርቶች፣ የሂደቱን ጫና የሚጋሩበት መንገድ ከአንድ በላይ በሆነ ጊዜም አማራጮቹ እንዲፈተሹ ይጠይቃል። ደንቡ አለ፤ የጎደለው ቦታው ነው። ስለሆነም ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው ትንታኔው ከአባሪው ወጥቶ ወደ ሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ እንዲመጣ ነው፤ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ስፋቱ፣ ከስፋቱም ሥር ውጤቱን ይበልጥ የሚቀይሩት ሁለት ወይም ሦስት ግምቶች በሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጽፈው ይታዩ። በማሳው ምሳሌ ቢሆን ገጹ ላይ የሚሰፍረው “429፣ ከ129 እስከ 1,287፤ በዋናነት ከአፈሩ በሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ መጠን የሚወሰን” የሚል ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።