የእንዶድ አረፋ የት ደረሰ?

(ምስል፦ ሱሉልታ፣ ጠዋት። አጥር ላይ የተንተራሰ የእንዶድ ቁጥቋጦ። ድምፅ፦ ሙቀጫ።)

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነን። ይህ የምትሰሙት ድምፅ ከጎረቤቴ ግቢ ነው። እማማ ዛሬ ጋቢ ያጥባሉ። የሚወቅጡት በርበሬ እንዳይመስላችሁ፤ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ነው። ካሜራዬን ጠጋ ባደርግ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። እማማ ሳቁብኝ። "ራቅ በል ልጄ፣ ይሄ ከአፍንጫ ጋር አይስማማም" አሉ።

ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ትንሽ ቆይተው ሲያሹት ነጭ አረፋ ገንፍሎ ወጣ። ጋቢውን ነከሩ፣ እግራቸውን ተለቃለቁና ይረግጡት ጀመር። ኦሞ ቤት ውስጥ አለ። ለጋቢ ግን እንደ እንዶድ የለም ባይ ናቸው።

የዛሬው ቪዲዮ ይህን አረፋ አይተው ዝም ብለው ስላላለፉ አንድ ተመራማሪ ነው።

(ምስል፦ ካርታ። ዓድዋ።)

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣት ሳይንቲስት ናቸው። ዓድዋ የሄዱት ብልሃርዚያን ሊያጠኑ ነው። ብልሃርዚያ በቀጥታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሽታውን የሚያመጣው ትል ነው፤ የትሉ እንቁላል ከታማሚው ሰገራ ጋር ወንዝ ይገባል። የተፈለፈለው ትል አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ የሚዋኝ ልጅ ወይም ልብስ የምታጥብ እናት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። (እኛ ሰፈር ብርዱ ለዚህ በሽታ አይመችም። ዶክተሩ ሱሉልታ ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ታሪክ አላወራውም ነበር።)

ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቷል። ከፍ ብሎ ያለው ግን ደህና ነው። አንዷን አጣቢ አረፋዋን በሕይወት ባሉት ላይ እንድትጨምር ጠየቋት። ጨመረች። ሞቱ።

እዚህች ጋ ቆም እንበል። ያንን ወንዝ ስንት ሰው ተሻግሮታል? የሞተ ቀንድ አውጣስ ስንቱ ረግጦ አልፏል? እንዶድን ሴቶቹ ያውቁታል፤ ከእናቶቻቸው ወርሰውታል። የቀንድ አውጣውን ነገር የሚያውቁት ደግሞ ሌሎች ናቸው፣ ወንዝ ወርደው ልብስ የማያጥቡ።

የቀረው ልፋት ነው። ዓድዋ ላይ ለዓመታት ወንዙን በእንዶድ እያከሙ ሕዝቡን መረመሩ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለምን ሕፃናቱን እጠቅሳለሁ? አዋቂው ድሮ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሕፃን ከተያዘ ግን በቅርቡ ነው። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው "ዓይነት 44" የሚባለውን መረጡ። ገዳዩ ውህድ ደግሞ በአክሊሉ አባት ስም "ለማቶክሲን" ተባለ።

(ምስል፦ ኮምፒውተር ላይ የቁጥሮች ሰንጠረዥ።)

ዛሬ የምሁር ተፅዕኖ ሲባል ቶሎ የሚመጣው የጥቅስ ብዛት ነው። ኤች ኢንዴክስ የሚሉት ቁጥር አለ። 20 ከሆነ፣ ምሁሩ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት። ክፋት የለውም። ለዕድገት ማመልከቻም ይረዳል። የዓድዋን ሕፃን ግን አይቆጥርም።

መጠቀስም መታመን አይደለም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የደህንነት ምርመራ ይቀራል ተባለ፤ እሱም በካናዳ ድጋፍ የተሠራው ብዙ ቆይቶ ነው። አክሊሉ ራሳቸው ችግሩ ሳይንሱ ላይ ሳይሆን ለአፍሪካ ምርምር ባለው አመለካከት ላይ መሆኑን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. 1989 አክሊሉና ለገሠ "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ አንድ ጉድ መጣ። እንዶድ አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የሚባል ዛጎል ለባሽ እንደሚገድል ታወቀና የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣበት። እውቀቱ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሳ። አክሊሉ በሥራው ውስጥ ነበሩበት፤ የዓድዋዋ አጣቢ ግን የለችበትም። እኔን እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐቁንም አንደብቅ። እንዶድ ብልሃርዚያን አላጠፋም። አረፋው ዓሣም ይገድላል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ነው። ታዲያ ተፅዕኖው የታል? እኔ ብጠየቅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እወስዳችኋለሁ። አክሊሉ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እሳቸው እ.ኤ.አ. 1997 አርፈዋል። እዚያ ግን አሁንም ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ተማሪ አይጠፋም።

(ምስል፦ እማማ ጋቢውን ሲጨምቁ።)

"እማማ፣ ይሄ አረፋ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያውቁ ነበር?"

"የቀንድ አውጣውን አላውቅም። አልቅት ግን ይገድላል። አባቴ በሬው አልቅት ሲይዘው በምን የሚያድነው ይመስልሃል?"

ካሜራውን አጥፍቼ ነበር። መልሼ አበራሁት።