ከፊት ገጽ ማዶ፦ በአሜሪካ ጋዜጦች የሴቶች ገጽ ላይ የሠሩትን ጋዜጠኞች እንዴት እንፈልጋቸው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ የጋዜጠኝነት ታሪክ ተማሪዎችና የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች፤

የአሜሪካን ጋዜጦች ታሪክ የሚያጠና ሰው ሴት ጋዜጠኞችን ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገላብጠው የፊት ገጽን ነው። እዚያ ጥቂት ስሞች ያገኝና «የቀሩት አልነበሩም» ብሎ ሥራውን ይዘጋል። ነበሩ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ድረስ አብዛኞቹ ሴት ጋዜጠኞች ይመደቡ የነበረው በሴቶች ገጽ፣ ማለትም ስለ ቤት፣ ስለ ፋሽንና ስለ ማኅበራዊ ሕይወት በሚጻፍበት ክፍል ነው። በዛሬው ንግግሬ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ገጹን የወለደው የማስታወቂያ ገቢ ነው። ትልልቅ መደብሮች ገዢዎቻቸው ሴቶች መሆናቸውን ስላወቁ፣ ሴቶች የሚያነቡት ገጽ እንዲኖር ፈለጉ፤ አሳታሚዎችም እሺ አሉ። ስለዚህ የገጹ መጠን በዜናው ሳይሆን በማስታወቂያው ይሰፋና ይጠብ ነበር። ይሁንና አንድ በረከት ነበረው። አብዛኛው ክፍል ቀደም ብሎ ስለሚዘጋጅ የዕለት ዜና ጥድፊያ አልነበረበትም፤ ከአለቆችም ብዙ የሚመለከተው አልነበረም። ብልህ አዘጋጅ ከሠርግ ዜናና ከምግብ አሠራር ጎን ለጎን ስለ ሕፃናት መጎሳቆል ወይም ስለ ሴቶች ደመወዝ ረጅም ጽሑፍ ማስገባት ትችል ነበር። ቪቪያን ካስልቤሪ ከ1956 ጀምረው በዳላስ ታይምስ ሄራልድ የሠሩት ይህንኑ ነው።

ዶሮቲ ጁርኒ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዋሽንግተን ዴይሊ ኒውስ ተጠባባቂ የከተማ ዜና አዘጋጅ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሹመቱ ሴት ስለሆኑ እንደማይጸናላቸው ተነገራቸው፤ ቦታውን ለሚረከበው ወንድ ሥራውን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ማርጆሪ ፓክሰን ደግሞ ዩናይትድ ፕሬስ የተባለው የዜና አገልግሎት ሲቀጥራቸው፣ ወንዶቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ቦታውን እንደሚለቁ ፈርመው ነበር። ሁለቱም በኋላ በማያሚ ሄራልድ የሴቶች ገጽ ሠሩ። የዜና ክፍል የገፋቸውን ብቃት ያላቸውን ሰዎች ያ ገጽ በርካሽ አገኛቸው ማለት ይቻላል። በ1960 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የፔኒ–ሚዙሪ ሽልማት ከቤተሰብ፣ ከምግብ፣ ከፋሽንና ከቤት ዕቃ አልፈው የሄዱ ገጾችን ሲሸልም፣ በማሪ አንደርሰን የሚመራው የማያሚ ሄራልድ ገጽ ደጋግሞ አሸነፈ።

ጥቁር አሜሪካውያን በራሳቸው ጋዜጦች የነበራቸው የሴቶች ገጽ ሌላም ሸክም ነበረበት። ብዙ የነጮች ጋዜጦች የጥቁር ሙሽራን ፎቶ አያወጡም ነበርና፣ የአንድ ማኅበረሰብ ሠርግ፣ ምርቃትና የእርዳታ ማኅበር የተመዘገበው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሴቶች ገጽ አዘጋጅ የነበሩት ሄዘል ጋርላንድ በ1974 የኒው ፒትስበርግ ኩሪየር ዋና አዘጋጅ ሆኑ።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። በስም አትጀምሩ፤ በገጽ ጀምሩ። አንድ ጋዜጣና አንድ ወር ምረጡና የሴቶች ገጹን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ፍለጋ በዲጂታል ማኅደር ብቻ ከሆነ ብዙ ይቀራል። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም በእጅ ጽሕፈት መልክ የተጌጡ ርዕሶችን ማንበብ ይቸግረዋል፤ በፎቶ ዙሪያ የተጠመዘዘ ዐምድ ሲያጋጥመውም የአንዱን መስመር ከሌላው ያያይዛል። የርዕሱን ቃል ሳይሆን በጽሑፉ አካል ውስጥ ሊገኝ የሚችል የመንገድ፣ የማኅበር ወይም የአዳራሽ ስም ፈልጉ። የጋዜጣው ገጾች በትንንሽ ፎቶ የተቀረጹበትን ማይክሮፊልምም ሙሉ ነው ብላችሁ አትመኑ። በቀን ውስጥ ከወጡት ብዙ እትሞች አንዱ ብቻ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የስም ጣጣ ይመጣል። አንዲት ጸሐፊ በአባቷ ስም፣ «ሚስስ» ተብላ በባሏ ሙሉ ስም ወይም በብዕር ስም ልትገኝ ትችላለች፤ በባል ስም የተጠራችው ሴት የራሷ ስም በማውጫ ላይ ላይገኝ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የጋዜጣው ንብረት የሆነው ስም ነው። የኸርስት ጋዜጦች «ፕሩደንስ ፔኒ» የሚለውን ስም በተለያዩ ከተሞች ለተለያዩ ጸሐፊዎች ይሰጡ ነበር። አንዷ ስትለቅ ሌላዋ ትወርሰዋለች። ሁሉንም እንደ አንድ ሰው መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው።

የጸሐፊዋን ማንነት ለማጣራት፣ ኤዲተር ኤንድ ፐብሊሸር የተባለው የጋዜጣ ሙያ መጽሔት የዓመት መጽሐፍ የየጋዜጣውን ክፍል አዘጋጆች ይዘረዝራል። የከተማ ስልክና አድራሻ መዝገብ ሥራን ይጠቁማል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ከ72 ዓመት በኋላ ስለሚከፈት የ1950ው በ2022 ተለቅቋል፤ የሥራ ዓይነት የሚለውን ዐምድ ተመልከቱ። የተገኘው ጽሑፍ በከተማው የተጻፈ ይሁን ከዜና አገልግሎት የተገዛ አስቀድማችሁ ለዩ፤ አለዚያ የሌላውን ሥራ ለአካባቢዋ ዘጋቢ ትሰጣላችሁ። በማስታወሻችሁ ላይ የእትሙን ቀን፣ ገጹን፣ የዐምዱን ርዝመትና ጎኑ ያለውን ማስታወቂያ ጻፉ። ማስታወቂያውን መዝለል የተለመደ ነው፤ ግን ጽሑፉ ለምን እንዳጠረ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ብዙዎች ከሚሉት እለያለሁ። ዋሽንግተን ፖስት በ1969 የሴቶች ክፍሉን «ስታይል» በተባለ አዲስ ክፍል ሲተካ፣ ሌሎች ጋዜጦችም ሲከተሉት፣ ታሪኩ እንደ ድል ይተረካል። ሴትን ለይቶ ማስቀመጥ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ገጹ ሲፈርስ የአዘጋጅነት ወንበሩም አብሮ ሄደ፤ አዲሱን ክፍል በብዙ ቦታ ወንድ መራው። ፓክሰንም ከአዘጋጅነት ዝቅ ተደርገዋል። በኋላ በጋኔት ኩባንያ ሥር የጋዜጣ አሳታሚ ሆኑ፤ በ1987 ደግሞ በሰጡት 50,000 ዶላር በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሴቶችና የመገናኛ ብዙኃን ብሔራዊ ስብስብ ተቋቋመ። በዚያው ዘመን በዋሽንግተን ፕሬስ ክለብ ፋውንዴሽን የቃል ታሪክ ፕሮጀክት የጁርኒ፣ የፓክሰንና የካስልቤሪ ረጃጅም ቃለ መጠይቆች ተመዝግበዋል። ቃለ መጠይቆቹን ግን ጋዜጣውን ሳታነቡ አትጥቀሱ፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የተነገረ ቀን ከእትሙ ቀን ጋር ሲጋጭ የምንከተለው የታተመውን ነው።

አመሰግናለሁ።